ፖሊስ መስሎን

«ፖሊስ አለ፣ ቀስ በይ» አለ ቬሊሚር በሄልሜቱ ማይክ።

ሽቅብ እያቃሰተ የሚመጣው እንጨት የጫነ መኪና ረጅም መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አድርጎላቸው ነበር። በዚህ አገር የዚህ ምልክት ትርጉም አንድ ነው። አሽከርካሪ በአሽከርካሪ አይጨክንም፤ ወደፊት ራዳር የያዘ ፖሊስ ካለ ይነግረዋል።

ዞራና ከኋላው በራሷ ሞተር ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ደስም አላት። ከኖቫ ቫሮሽ ከተነሱ ጀምሮ ታናሽ ወንድሟ ቁልቁለቱን እንደ ሜዳ ሲጋልብበት፣ ከጀርባው ከተፈናጠጠችው ልጇ ላይ ዓይኗን መንቀል አቅቷት ነበር። ያስና የአጎቷን ሞተር የመረጠችው «የእማ አነዳድ እንቅልፍ ያመጣል» ብላ ነው።

«ኩርባውን ሳታይ አትግባ ቬልያ። ልጄን ነው የያዝከው።»

«እትዬ ደግሞ! ይሄን መንገድ ተኝቼም እነዳዋለሁ።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

ሳቀባት። አባታቸው በእነዚህ ተራሮች ደብዳቤ በሞተር ሲያድል የኖረ ሰው ነበር፤ ለሁለቱም ያስተማራቸው አንድ ነገር ነው። ኩርባ ስትደርሱ የግራና የቀኙ የአስፋልት ጠርዝ ከሩቅ የተገናኘ የሚመስልበትን ቦታ እዩ ይል ነበር። ከሸሻችሁ ተከተሉት። ወደ እናንተ ከመጣ ግን ኩርባው እየጠበበ ነውና ፍሬን ያዙ፤ ዓይናችሁ በደረሰበት ርቀት ውስጥ መቆም ካልቻላችሁ የምትነዱት በዕድል ነው። ዞራና ይህን እንደ ዳዊት ስትደግም ኖረች። ቬሊሚር ደግሞ መንገዱን በቃሉ ያዘና ትምህርቱን ረሳው።

ፖሊሱ እውነትም ነበር። የዋልነት ዛፍ ጥላ ሥር መኪናውን አቁሞ፣ ቬሊሚርን በዓይኑ ሸኘና ዞራናን አስቆማት።

«መንጃ ፈቃድ» አለ። አገላብጦ አየው። «ከፊትሽ ያለው አብሮሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው። እባክዎ ቶሎ ይልቀቁኝ፣ ልጄም ከእሱ ጋር ናት።»

«ምን ያስቸኩልሻል? ጨዋ ነጂ ነው፤ እንዴት ቀስ ብሎ እንዳለፈኝ አላየሽም?»

በዚያው ቅጽበት ጨዋው ነጂ ጆሮዋ ውስጥ ይፈነድቅ ነበር። «አለፍነው! ታች ፕሪዬፖልዬ ገብተን ለምሳ ቡሬክ አዝዘን እንጠብቅሻለን።» የሞተሩ ድምፅ ከገደሉ ሥር ጮኸ፣ ማርሽ ተቀየረ፣ እንደገና ጮኸ። ከዚያ ቋጥኙ ጋረዳቸውና ማይኩ ተቋርጦ ሹሹታ ብቻ ቀረ። ፖሊሱ ፈቃዱን መልሶ እስኪሰጣት ድረስ ዓመት መሰላት።

ከተነሳች በኋላ የመጀመሪያውን ኩርባ በደህና አለፈች። ቀጥሎ ትንሽ ቀይ መኪና ከታች ብቅ አለችና መብራቷን ብልጭ ብልጭ አደረገች። ሾፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ቀስ፣ ቀስ።

ዞራና «ፖሊስ» ብላ አሰበች። ፖሊሱ ግን ከኋላዋ ነው። ይሄኛው ስለ ምን ይናገራል? ያኛው እንጨት የጫነውስ ስለ ፖሊሱ ባይሆን? ብልጭታ አዩ፣ ፖሊስ አገኙ፣ ነገሩ ተዘጋ ብለው ሁለቱም ተንፍሰዋል። ቬሊሚር ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ ከኋላው ጥሎት ነው የሄደው።

«ቬልያ! ቬልያ፣ ቁም!»

ሹሹታ ብቻ።

እጇ የነዳጅ እጀታውን ሊጠመዝዘው ፈለገ። ድረሺላት፣ ድረሺላት ይላታል ሰውነቷ ሁሉ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ተረት ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ከፊቷ መንገዱ በቋጥኝ ዙሪያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ የሁለቱ ጠርዞች መገናኛ መጀመሪያ ቆመ፣ ከዚያ ወደ እሷ መጣ። ከቋጥኙ ወዲያ ምንም አይታይም።

በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ፍሬንን ጠልታው አታውቅም። ልጇ ወዲያ ማዶ ወድቃ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ደግሞ ማርሽ ትቀንሳለች። ልጇን የከዳች መሰላት። እንባዋ የሄልሜቱን መስታወት አደበዘዘው። ቢሆንም ቀነሰች፤ ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እያለቀሰች፣ ወንድሟን እየረገመች፣ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች ቋጥኙን ዞረች።

ያስና መሀል መንገድ ላይ ቆማለች። በዞራና ረድፍ፣ በትክክል ሞተሩ በሚያልፍበት ላይ፣ ሄልሜቷን አውልቃ በሁለት እጇ እያውለበለበች።

ዞራና ፍሬኑን ጨመቀችው። የፊት ጎማው ከልጅቷ ጉልበት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ከያስና ጀርባ ከትራክተር ተጎታች የረገፈ ድርቆሽ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። የቬሊሚር ሞተር ቦዩ ውስጥ ተጋድሟል። ራሱ ቬሊሚር መሬት ተቀምጦ፣ አንድ እጁን በሌላው ታቅፎ፣ ቀና ብሎ አላያትም።

«ተንሸራተን ነው፣ እኔ ምንም አልሆንኩም» አለች ያስና። የጃኬቷ ክርን ተቀድዷል። «ወደ ኋላ የሮጥኩት ላንቺ ፈርቼ ነው። እኛን ለመድረስ በርረሽ ትመጫለሽ ብዬ።»

ዞራና ሞተሩን ማጥፋት አልቻለችም፤ ቀኝ እጇ ፍሬኑን እንደጨመቀ ደርቆ ቀርቷል። ያስና ጠጋ አለችና የእናቷን ጣቶች ከፍሬኑ ላይ አንድ በአንድ ታላቅቃቸው ጀመር።