ለናሙና የተላከው ሣጥን

አቤሴሎም ዲኖን ሰላም ካለው አሥር ዓመት ሆኖታል። ሁለቱም የሚኖሩት ሮቤ ነው። ዲኖ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር በኦሮምኛ “አካም ጅርታ” ብሎ ሰላም ይለዋል፤ መልስ ሳይጠብቅም ያልፋል።

በ1999 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ አብረው ተመርቀው፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ የስንዴ መጋዘን እርጥበት እየለካ በሬዲዮ የሚያሳውቅ መሣሪያ ሠሩ። ሐሳቡ የአቤሴሎም ነበር፤ የፈቃድ ማመልከቻውም በእሱ ስም ገባ። አጋርፋ ያለ የገበሬዎች ማኅበር አርባ መሣሪያ ሊወስድ ተስማማ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሣሪያው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ።

የሬዲዮው ሥራ ያለው ሞጁል በምትባል፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል ዕቃ ውስጥ ነበር። ሞጁሏ ከውጭ የተገዛች፣ አስቀድማ ተፈትና ያለፈች ናት። ማለፏ ግን የሚጸናው አብራት ከተፈተነችው አጭር አንቴና ጋር ስትሆን ብቻ ነው። ሌላ ከተሰካባት ጉልበቷ ከተፈቀደው ያልፋል፤ ወረቀቷም ይሻራል። ሁለቱም ይህን ያውቁ ነበር። ተራራ ለተራራ ለመሞከር የገዟቸው ረጃጅም አንቴናዎች ስለነበሩ፣ እንዳይቀላቀሉ ብለው ጎባ፣ የአቤሴሎም አባት ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጧቸው።

ለፈተና የሚላከው ናሙናም የተዘጋጀው እዚያው ነው። አባቱ አቶ ገብረ መድኅን ዕድሜያቸውን በእህል ንግድ ያሳለፉ ሰው ነበሩ፤ ስለ ሬዲዮ ባያውቁም ናሙና መላክ የኖሩበት ሥራ ነው። ሣጥኑን ራሳቸው ጥጥ ጎዝጉዘው ቸነከሩት። አቤሴሎም በዚያ ሳምንት አጋርፋ መጋዘን ሲለካ ነበር። ዲኖ ጎባ ሄዶ ሣጥኑን ተቀበለና በአውቶቡስ አዲስ አበባ አደረሰው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ናሙናው ላይ ባዕድ አንቴና ተገኝቷል፤ ጉልበቱም ከተፈቀደው አምስት እጥፍ ነው ይላል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ደብዳቤ በደብዳቤነቱ አይቀርም። ሁለት ሰዎች አቤሴሎምን ከክፍሉ ወሰዱት። ከተራራው ማዶ ማን እንዲሰማው ፈልጎ እንደሆነ ጠየቁት። ስለ ስንዴ እርጥበት ነገራቸው፤ ሳቁ። አራት ወር ታሰረ። ሲፈታ ማኅበሩ ውሉን ሰርዟል፤ ዲኖ ደግሞ በራሱ ስም የጥገና ቤት ከፍቷል።

አቤሴሎም መጀመሪያ የሄደው ወደ መደርደሪያው ነው። ከረጃጅሞቹ አንቴናዎች አንዷ የለችም። ሣጥኑን ሊወስድ እዚያ ቤት የገባ ሰው ደግሞ አንድ ነው።

“ሣጥኑን ከፍተኸዋል?” አለው ዲኖን፣ ጥገና ቤቱ ድረስ ሄዶ።

ዲኖ ለአንዲት አምፖል ዋጋ እንኳ “ወላሂ” ብሎ የሚምል ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልማለም። “እንዳሰብከው ያዘው” አለ።

አቤሴሎም እንዳሰበው ያዘው።

ከዚያ ወዲህ ዲኖ ለፋሲካም ለገናም ስኳር ይዞ ጎባ እየሄደ አቶ ገብረ መድኅንን ይጠይቃል። ሽማግሌው ይቀበሉታል፤ ብዙም አያወሩም። ጨዋታ አዋቂ የነበሩት ሰው ዝምተኛ ሆነዋል። ጎረቤቱ የልጃቸው እስር ነው የሰበራቸው ይላል። አቤሴሎም ያንን ስኳር ቀምሶት አያውቅም። የበደለኛ ስኳር ነው ይላል።

በ2009 ዓ.ም. አቤሴሎም የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ያለችው ባለሙያ። አንድ ጠዋት ከአለቃው ወረቀት ተመራለት። ዲኖ የውሃ ፓምፕ ከሩቅ የሚያስነሳ መሣሪያ ሠርቶ ለፈተና አቅርቧል። የተላከው ናሙና ከሚመረተው ጋር አንድ መሆኑን ባለሙያ አይቶ ይመስክር ይላል።

ሄደ። የዲኖ ሥራ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሠራተኞች ብድግ ብለው ተቀበሉት። መሣሪያው ንጹሕ ነበር፤ እንከን ቢፈልግ አጣ። አንድ ነገር ብቻ ዓይኑን ያዘው። አጭሯ አንቴና በሙጫ ተጣብቃለች።

“ምን ፈርተህ ነው ያጣበቅካት?”

“ሰው እንዳይነቅላት።”

“ጠላት አለህ ማለት ነው።”

“ጠላት መች ይነካታል፣ ወንድሜ” አለ ዲኖ፤ ፈገግ ብሎ።

አቤሴሎም ያችን ፈገግታ እስከ ቢሮው ይዟት ሄደ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦም ጻፈ። አመልካቹ ከዚህ ቀደም በአደራ የተሰጠውን ናሙና በመንገድ ላይ የለወጠ፣ በዚህም ሰው ያሳሰረ በመሆኑ የሚያቀርበው ናሙና ሊታመን አይችልም። አነበበው። አንድም ቃል አልሰረዘም፤ ማኅተም አስደረገበት።

በወሩ የዲኖ ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። የሥራ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ዘጠኙ ሠራተኞች ተበተኑ። ዲኖም ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ሠርቷል ተብሎ ተወሰደ። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር፤ የት እንዳለ የሚናገር አልተገኘም።

ቅዳሜ አቤሴሎም ሚኒባስ ይዞ ጎባ ሄደ። አባቱ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ አሥር ዓመት የተሸከመውን አወረደ። አባቱ ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር።

“ድገመው” አሉት።

ደገመው።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ውስጥ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ በእጃቸው የተቋጠረ መሐረብ ይዘዋል። ቋጠሮውን መፍታት አቃታቸውና አቤሴሎም ፈታላቸው። ውስጡ ጣት የማታህል አጭር አንቴና ነበረች።

“ለናሙና የሚላከው ምርጡ ነው ብዬ ረጅሟን ሰካሁላት፤ ስትታሰር ብነግረው፣ ዲኖ ነው ‘አባቱን ከሚጠላ እኔን ይጥላ’ ብሎ እንዳልነግርህ ያስማለኝ።”