የቱ ነው በሽር?

እማማ ኩብራ በሩን ገፍተው ዘጉና መቀርቀሪያውን ወረወሩት። የአሊዩ አምባ ገበያ ሁካታ ከቆርቆሮው ወዲያ ቀረ።

«በይ አሰሚኝ» አሉ፣ መደቡ ላይ ከሔራን ጎን ቁጭ እያሉ። «ልጇ ከሞተ ወር ሳይሞላው ቤቷ ዘፈን ተከፈተ ቢሉኝ መልስ የለኝም። አሏህ ይማረኝ። ግን እሱ ራሱ ነው ቃል የገባልኝ።»

ሔራን ስልኳን ከጃኬቷ ኪስ አወጣች። ጠዋት ከአንኮበር ስትወርድ፣ ልጃቸውን በሽርን የጫነው መኪና የተገለበጠበትን መታጠፊያ ዓይኗን ጨፍና ነበር ያለፈችው።

በሽር ከደብረ ብርሃን አራት እብዶች አንዱ ነበር። ሰዉ እንዲያ ነበር የሚላቸው። የባንዳቸው ስም «ውርጭ» ነው፤ የሚጫወቱት ፓንክ ሮክ። ሔራን ትጮኻለች፣ ዘርአ ዳዊት ጊታር ይመታል፣ ቃለ አብ ድራሙን ይደበድባል፣ በሽር ቤዝ ጊታሩን ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ለሰርግ የሚጠራቸው የለም። አንድ ሆቴል ደፍሮ ቢያስገባቸው ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት አጥፍቶ አስወጣቸው። እንዲያም ሆኖ አልበም ሠሩ። ከአንድ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ጓሮ ያለችውን ስቱዲዮ ተከራዩ፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፈኑ፤ ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እዚያ ታፈኑ። አልበሙን «ብርድ ልብስ» ያለው በሽር ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቅበትን ቀን የቆረጠውም እሱ ነው፤ ዛሬ፣ ቀትር ላይ። ከዚያ ለዒድ ወደ እናቱ ወረደ። አልደረሰም።

«ፋብሪካ ነው የምሠራው ይለኝ ነበር» አሉ እማማ ኩብራ። «ውሸቱን አልነበረም፤ ይሄን ግን ደበቀኝ። እንደማልወድለት ያውቃላ። የመጨረሻ ቀን ሲደውል ነው፣ ‹እማ፣ አንድ የሠራሁት ነገር አለ፤ ሲወጣ መጥቼ አሰማሻለሁ› ያለኝ።»

ሔራን የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈተች። የገዛ ጩኸቷ ከስልኩ ሲፈነዳ እማማ ኩብራ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ውይ! አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ተናድጄ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲህ የተናደደ ይጩህ እንጂ።» ጥቂት አዳመጡ። «በሽርስ? የቱ ነው?»

«እሱ አይዘፍንም። ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ ከሥር ከሥር የሚሄደው።»

እማማ ኩብራ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። ሔራን ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረችው። ከስልኩ የሚወጣው የድራሙ ጸናጽል ፍጭት፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ጊታርና የእሷ ጩኸት ብቻ ነው። ወፍራም ድምፅ የሚባል የለም። ቶሎ ብላ የጆሮ ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰካች፤ አንዱን ለእሳቸው፣ አንዱን ለራሷ።

እዚያም አልነበረም። ማለት፣ አለ፤ ለሚያውቀው። ከግድግዳ ጀርባ እንደሚሄድ ሰው ኮቴ።

ያኔ ትዝ አላት። ድምፁ ተስተካክሎ በሚያልቅበት ቀን፣ «ቤዙ ድምፄን ዋጠብኝ፤ ቀንሰው» ያለችው እሷ ናት። ባለስቱዲዮው ዞር ብሎ በሽርን አየው። በሽር ሳቀ። «ቀንስላት ባክህ፤ እኔን ማን ሊሰማኝ» አለ። ቀነሰው። «ትንሽ ደግሞ» አለች። ደግሞ ቀነሰው። በሽር ያኔ አልሳቀም።

«አልሰማሁትም» አሉ እማማ ኩብራ። ማዳመጫውን በጣታቸው ወደ ውስጥ ገፉት። «ጆሮዬ ነው እንዴ ልጄ? ጆሮዬ ደክሞ ይሆን?»

«አይደለም እማማ። ጆሮዎ ደኅና ነው።»

«እንግዲያ የት ሄደ?»

ሔራን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ልትል። ይሄኔ ዘፈኑ መሀል ላይ ሁሉም ዝም አለና የዘርአ ዳዊት ጊታር ብቻውን ወጣ፤ ቀጭን፣ የሚሰነጥቅ ድምፅ።

እማማ ኩብራ ክንዷን ጨበጧት። «ቆይ! ይሄ ነው? ይሄ የሚያለቅሰው?»

ሔራን ፊታቸውን አየች። ከገባች ጀምሮ ያ ፊት እንደዚህ ሲበራ አላየችም።

«አዎ» አለች። «እሱ ነው።»

«አወቅኩት! ወላሂ አወቅኩት። ሕፃን ሆኖ ሲያለቅስ እንዲህ ነበር፤ ይጀምርና ትንፋሹን ይውጣል፣ ከዚያ እንደ አዲስ።» እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። «እኔ ደግሞ ሐራም ነው እያልኩ ስከለክለው የኖርኩት። ወደ ኋላ መልሽልኝ።»

መለሰችላቸው። ስልኩን ከእጇ ወስደው በመዳፋቸው ያዙት፣ ትኩስ ነገር እንደሚይዝ ሰው።

ስልኩ መዳፋቸው ላይ ነዘረ። የዘርአ ዳዊት መልእክት ነበር። «ወጣ። እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ሰምቶታል።» ሔራን በአውራ ጣቷ ገፍታ አጠፋችው።

«ድገሚልኝ» አሉ እማማ ኩብራ።

ደገመችላቸው። አራተኛው ጊዜ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጊታሩ ጋር በለሆሳስ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ አንዲት ቦታ እንኳ አልሳቱም።