እኔን ባይ

ሕጉ ከወጣ ወዲህ ጤና ጣቢያችን ሕመም አያድንም፤ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው ይሰጣል። ተቀባዩ በገዛ አፉ «እኔን» ማለት አለበት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ እኛ «ጆሮ» የምንለው ሳጥን ቃሉን ከሰማ አበቃ። ስለዚህ ወረፋ ላይ ሁሉም አፉን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

ዛሬ ልጄን ሐመልማልን ላስከትብ ስሄድ ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ አብረውኝ መጡ። አጠገባችን አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ኩላሊቱን አሞት ያቃስታል። እትዬ ደብሪቱ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት፣ «እኔን ልጄ! እኔን!» አሉ።

ጆሮው ጮኸ። መዝጋቢዋ ፈገግ ብላ መጣች።

«እናመሰግናለን እናቴ፤ ፈቃድዎ ተመዝግቧል።»

«ኧረ የአፍ ልማድ ነው ልጄ!»

«እሱንማ ሁሉም ይላል» ብላ ይዛቸው ገባች።

ሰውዬው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተሽሎት ወጣ። ኮቱን አራገፈና ስልኩን አውጥቶ ክትፎ አዘዘ፤ «ለብ ለብ ይሁን» እያለ። ከበሩ ማዶ እትዬ ደብሪቱ ሲያቃስቱ ይሰማል፤ ዞር ብሎም አላየ። ቱ! እኔም ግን «እኔን» አላልኳቸውም።

ቤት ስንገባ ሐመልማል ደፉ አደናቅፏት ወደቀች፤ ጉልበቷ ደማ። ቤታችን ጆሮ እንደሌለ አውቃለሁ። ምላሴ ግን እንቢ አለኝ፤ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቆምኩ።

አልቅሳ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «እማ፣ ስወድቅ አላየሽኝም እንዴ?» አለችኝ።