ከመሐረቡ በፊት

አዛለች ለጣሊያን ሹም እልል ልትል ተቀጥራ ስትሰለፍ ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነበር፤ አጠገቧ የቆመችው ወይንሸት ግን ገና ዛሬ መጀመሯ ነው። "አስተርጓሚው መሐረቡን ሳያነሣ ትንፍሽ እንዳትዪ" ብላ አስጠንቅቃት ነበር።

የቡታጅራ ገበያ የሹሙን መኪና ሲጠብቅ፣ ከመስቃን በኩል የተያዙ ሦስት አርበኞች በሰንሰለት ተቆራኝተው በሴቶቹ ፊት አለፉ። ወይንሸት እልል አለች።

"ማናት እሷ?" አስተርጓሚው እየተንደረደረ መጣ። ወይንሸት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። አዛለች አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ጀማሪዎቹ ሹሙ ፊት እንዳያሳፍሩን ላለማምዳቸው ብዬ ነው።"

አስተርጓሚው ሴቶቹን አንድ በአንድ አየ። "በይ ቶሎ አለማምጂያቸው" አለ።

አዛለች ፊቷን ወደ እስረኞቹ መልሳ በሙሉ ጉሮሮዋ እልል አለች፤ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት። እስረኞቹ ከዓይን እስኪሰወሩ ድረስ ልምምዱ አላበቃም።