ሳይፈትን የሚቀጥር ሰው

ደብዳቤው የደረሰው ታላቅ እህቷ በወገብ ሕመም በተኛችበት ሳምንት ነበር። ሌላ ጊዜ የልብስ ስፌት ቤቱን የምትከፍተው፣ ደብዳቤ የምትቀበለው፣ ከደንበኛ ጋር የምትከራከረው ታላቅየዋ ናት። ታናሽየዋ ከኋላ ክፍል ጨርቅ ትቆርጣለች። አሥራ አንድ ዓመት ስትቆርጥ አንድ ሸሚዝ እንኳ አበላሽታ አታውቅም።

የከተማው ትልቁ የልብስ ፋብሪካ የቆራጮች ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥራት ይፈልጋል። «ሥራዎን እናውቃለን፤ ፈተና አያስፈልግም» ይላል ደብዳቤው። እስከ ዓርብ መልስ ይጠብቃል።

ታላቅየዋ አልጋዋ ላይ ሆና አነበበችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ነገር አላማረኝም። ሳይፈትን ኃላፊ የሚያደርግ ሰው የት ታውቂያለሽ? ሌላ ነገር ፈልጎ ነው።»

«እትዬ፣ እኔን ግን ልቤ ሂጂ ሂጂ እያለኝ ነው።»

«ልብሽ ጨርቅ እንጂ ሰው አያውቅም! እናታችን ስትሞት ለማን አደራ እንደሰጠችሽ ረሳሽው?»

አልረሳችውም። በዚህች ነገር ስንት ጊዜ አፏ ተዘግቷል! ዛሬ ግን እምቢ አለች።

«አደራው እስከዚህ ይበቃዋል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው እኮ! ከተሳሳትኩም በራሴ ልሳሳት።»

ዓርብ ጠዋት ታላቅየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አልሰናበትም አለች። ታናሽየዋም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጥታ ሄደች።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስትገባ ከወንበሩ ብድግ አለና ከላይ እስከ ታች አያት። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ስለ ልምዷ አልጠየቃትም። መቀስ ያዢ አላላትም። የእህቷ ቃል ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፤ ልቧ ግን ንቅንቅ አላለም።

«እርግጠኛ ነዎት?» አላት።

«ባልሆን እመጣ ነበር?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ፋይል ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «በኋላ ሐሳብዎን አይለውጡም?»

አሁን ደሟ ፈላ። «ጌታዬ፣ ነይ ብላችሁኝ መጥቻለሁ። ሥራው ካለ ብዕር ይስጡኝ፤ ከሌለ እዚያ ያልተቆረጠ ጨርቅ እየጠበቀኝ ነው!»

ሰውየው ሳያስበው ፈገግ አለ። ውሉን ገፋ አደረገላት። ከላይ እስከ ታች አንብባ ፈረመች። እሱ ግን ፊርማዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ ደጋግሞ ተመለከተው።

«ምነው? አላማረዎትም?» አለችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በአምስት ዓመት አምስት ጊዜ ጽፈንልዎት፣ አምስቱንም ጊዜ ‹ከእህቴ አልለይም› ብለው ፈርመው ሲመልሱልን ኖረው፣ ዘንድሮ ምን ተገኘ ብዬ ነው።»