ጉልበቴ የዳነበት ሑዳዴ

ኩባያውን አዘነብለዋለሁ፤ አይፈስም። ትናንት ማታ የጉልበቴን መድኃኒት ዱቄት በሙቅ ውኃ በጥብጬ ልጠጣው ስል ጎረቤቴ ደብሪቱ ጠራችኝና መስኮቱ ላይ ትቼው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ትንሣኤ ላልቀምስ አፌን ለአክፍሎት ዘጋሁ፤ ኩባያውንም ረሳሁት።

የደብረ ማርቆስ ብርድ አድሮበት ረግቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ይንቀጠቀጣል። ተልባ እንኳ ቢሆን ይዝለገለጋል እንጂ እንዲህ አይቆምም። እኔ ወለተ ኪዳን በስንቱ ድግስ ድስት ሳማስል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያደረ የአጥንት መረቅ እንዴት እንደሚረጋ ነጋሪ አያሻኝም።

ውሻችን ምንተዳዬ በሩ ላይ ቆሞ ጭራውን ይቆላል። ይህን ስም ያወጣለት ሟቹ ባለቤቴ ነው፤ ከድንበርተኛችን ጋር ሲጣላ፣ ውሻውን በጠራ ቁጥር ሰውየው ይስማው ብሎ። ዱቄቱም የመጣው ለውሻው ነበር። አርጅቶ የኋላ እግሩ አልታዘዝ ሲለው፣ ከተማ ከእንስሳት ሐኪም ጋር የምትሠራው ልጄ ወንጌላዊት «ለውሻ መገጣጠሚያ የሚሰጥ ነው» ብላ በቆርቆሮ አመጣችለት። ወር ሳይሞላው አጥር ዘለለ። እኔ ጉልበቴን ይዤ ተቀምጬ አየሁትና ቀናሁ። በውሻ ቀናሁ፤ ምን ይደረግ።

«ለሰውም ይሆናል፣ እማ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ» አለችኝ።

የውሻ መሆኑ አላሳፈረኝም። ወንጌሉ ላይ ያቺ ከነዓናዊት ሴት ውሾችም እኮ ፍርፋሪ ይበላሉ ብላ የለ? አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ሑዳዴ ገብቶ ነበርና «የጾም ነው?» አልኳት። «የጾም ነው፤ ከቅጠል የተሠራ ነው» አለችኝ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች።

አሁን ነጠላዋን መስቀለኛ እያጣፋች ከጓዳ ትወጣለች። ዛሬ ስቅለት ነው። አምና በዚህ ቀን ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዘንድሮ ግን ልሰግድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኩባያውን ፊቷ እዘቀዝቀዋለሁ። ጠብ አይልም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ፊቷ ይለወጣል። «ብርዱ ይሆናል፣ እማ።»

«ብርድ ቅጠሉን መረቅ ያደርገዋል?»

ነጠላዋን ደግማ ታጣፋለች።

«ወንጌላዊት፣ በዛሬ ቀን እንኳ አትዋሺኝ።»

«የከብት ነው» ትላለች ወለሉን እያየች። «አጥንትና ጅማት ነው። ብነግርሽ ትወስጂው ነበር? ስታቃስቺ እየሰማሁ የማድረው እኔ ነኝ እኮ።»

መደቡ ላይ እቀመጣለሁ። ሑዳዴን ሙሉ እህል ውኃ ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየዋልኩ፣ ማታ ማታ የበሬ አጥንት ስጠጣ ከርሜያለሁ። ግን ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

«የእመቤታችን ማኅበር ላይ ተነሥቼ ስመሰክር አጠገቤ ነበርሽ» እላታለሁ። «ጉልበቴን እሷ ማረችልኝ ስል።»

«ነበርኩ።»

«እልልታውን ማን ጀመረው?»

የጀመረችው እሷ ናት። ደብሪቱም ሌሎቹም ተከተሏት፣ ቤቱ ቀለጠ። እኔ ሳለቅስ በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ። ለካ ያኔም ታውቅ ነበር። የወለድኳት ልጅ በእመቤቴ ስም እያስዋሸችኝ ቆማ እልል አለች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

«እንድትድኚ ብዬ ነው» ትላለች፤ ድምፅዋ ይሰበራል።

«ጉልበቴን ሰጥተሽ ጾሜን ሰረቅሽኝ።»

«ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ሳታውቂ ነው የጠጣሽው፣ ይፈቱሻል።»

«ምን ብለው? ስገጂ ነው የሚሉኝ። በየትኛው ጉልበት ልስገድ? በዚህ?»

ኩባያውን እግሬ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ምንተዳዬ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን የሚከለክለው ሲያጣ ገብቶ የረጋውን በአንዴ ውጦ ኩባያውን ይልሳል። ቆርቆሮው በተከፈተ ቁጥር እስከ በሩ ሮጦ ሲመጣ አንድ ቀን አላሰብኩበትም። ውሻ ለቅጠል ሲሮጥ የት አይቼ አውቃለሁ? እሱስ የሚበላውን ያውቅ ነበር።

ደብሪቱ ከአጥሩ ውጭ ትጣራለች። «ወለተ ኪዳን፣ ኧረ ረፈደ! ዛሬ እንኳ አንቺ ነሽ የምትቀድሚን ብዬ።»

«መጣሁ» እላታለሁና ከመደቡ እነሣለሁ።

ወንጌላዊት ታየኛለች። ግድግዳውን አልያዝኩም፤ እጄንም ጉልበቴ ላይ አላሳረፍኩም። ሳይታወቀኝ ቀጥ ብዬ ነው የተነሣሁት። በእንባዋ መሐል ፊቷ ላይ ደስታ ብልጭ ይላል፤ ልትደብቀው ትሞክራለች፣ አትችልም።

ተመልሼ እቀመጣለሁ። ከዚያ እንደ አምናው፣ ግድግዳውን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ እነሣለሁ።