ሃያ ሰባት ቁጥር

ጸሐይወርቅ ሃያ ሰባተኛውን የሽንት ናሙና ስላይድ ላይ ጠብ አድርጋ ማይክሮስኮፑ ሥር ልታስገባ ስትል መብራት ጠፋ። የክሊኒኩ ጄኔሬተር ናፍጣ ከጨረሰ ሦስት ቀኑ ነው። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለችው ይቺ ክሊኒክ ሰኞ ጠዋት መግቢያ የላትም፤ ከላብራቶሪው መስኮት ውጪ ያለው አግዳሚ ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

“መብራት እስኪመጣ ጠብቁ” ብትል የሚነሣውን ጫጫታ ታውቀዋለች። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አሮጌውን ማይክሮስኮፕ አወረደች። አምፖል የለውም፤ ከሥሩ ባለች ክብ መስታወት ነው ብርሃን የሚቀበለው። አቧራውን ጠራርጋ መስኮቱ ጋ አስቀመጠችውና መስታወቷን ፀሐይ ወዳረፈበት የፊት ለፊት ብሎክ ግድግዳ አዘነበለቻት።

ቸኩላለች። ስላይዱን አስገብታ፣ ዓይኗን አስጠግታ ማስተካከያውን አዞረች። የአሮጌው ዕቃ ጥርስ ደክሟልና ምስሉ እንደለመደችው ቶሎ አልጠራላትም፤ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ጭጋግ፣ ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ የተበተኑ ነጠብጣቦች፣ ከዚያ ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ ጠርዝ አወጡ። ማር የመሰሉ ስስ ቅጠሎች ተደራርበው፣ አንዱ ካንዱ ሥር እየወጣ፣ እንደ ጽጌረዳ ፈክተው ታዩ።

ብዕር ያነሣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይሄንኑ ክሪስታል ስንት ሺህ ጊዜ አይታዋለች። አይታ፣ ለመጠኑ ሁለት የመደመር ምልክት ጽፋ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አሁን ስላይዱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ሌላ አበባ መጣ፤ ትንሽ፣ ገና ያልተገለጠ። ተማሪ ሳለች እነዚህን በቀለም እርሳስ ትስላቸው እንደነበር ትዝ አላት። ደብተሩ የት እንደገባ ግን አታውቅም።

መስኮቱ ተንኳኳ።

“ሲስተር፣ ውጤቴ አልደረሰም? ሃያ ሰባት ቁጥር ነኝ።”

ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ እጁን ጎኑ ላይ አድርጓል። ካርዱን ሳታይ አወቀችው፤ ገዳ ይባላል፣ የታክሲ ሾፌር ነው። በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ናሙና ሰጥቶ፣ ውጤቱን ሳይሰማ ሄዷል።

“ትንሽ ታገሥ” አለችው።

“ታክሲዬን ተራ አስይዤ ነው የመጣሁት። ከፊቴ ሦስት መኪና ነው ያለው። ካልደረሰ ነገ እመለሳለሁ።”

“ባለፈውም ነገ ብለህ ነው የሄድከው።”

ከኋላው ያለው ሰው እንዳይሰማው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። “ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቱ ደክሞ በማሽን ነው የሚታጠበው። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ባልሰማው ይሻለኛል።”

ሌላ ቀን ቢሆን “ውጤት የሚነግርህ ሐኪሙ ነው” ብላ መስኮቱን ትዘጋው ነበር። ተነሥታ በሩን ከፈተችለት።

“ግባ። እጅህን ኪስህ ክተት፣ ምንም እንዳትነካ።”

ጎንበስ ብሎ አየ። “ምንም አይታየኝም።”

“አትቸኩል። አንዱን ዓይንህን ጨፍን።”

ደጅ አንድ ረዳት “ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ” እያለ ይጣራል። ጥሩምባ ይነፋል። ገዳ ቀና አላለም። ተወጥሮ የነበረው ትከሻው ሲላላ አየችው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ካንተ የወጣ ነው።”

“ከሽንቴ?”

“ከሽንትህ።”

“ወርቅ ይመስላል እኮ” አለ ዓይኑን ሳያነሣ። “እንዲህ የሚያምር ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ?”

“ሲጠራቀም ጠጠር ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ስትቀመጥ ውሃ ትጠጣለህ?”

“መንገድ ላይ ሽንት ቤት የት አለና ነው የምጠጣው?”

“ኩላሊትህ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሐኪሙ ነው የሚነግርህ። የደም ምርመራም ያዝዝልህ ይሆናል። ዛሬ ግን ጠብቀው።”

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ብቅ አለ። “ጸሐይወርቅ፣ ሰውየው እዚህ ምን ይሠራል?”

“ውጤቱን እያየ ነው” አለችው።

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ ያጎነበሰውን ጀርባ አየና ሄደ። ገዳ ስልኩን አውጥቶ ተራ አስከባሪው ጋ ደወለ።

“በኃይሉ፣ ተራዬን እለፉት። የለም፣ ሌላ መኪና አስገቡ። አይ፣ ደህና ነኝ። አንድ ነገር እያየሁ ነው።”

ስልኩን ዘግቶ ማንም ሳይጋብዘው እንደገና አጎነበሰ። እሷም አላጣደፈችውም። ሲበቃው የውጤት ወረቀቱ ላይ፣ በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ፣ እንደ ወትሮው ሁለት የመደመር ምልክት ጻፈችለት። ወረቀቱን ተቀብሎ ሄዶ የሐኪሙ በር ላይ ተቀመጠ።

መብራት መጣ። አግዳሚው ላይ ያሉት “ተመስገን” አሉ። አዲሱ ማይክሮስኮፕ በርቶ እየጠበቃት ነው፤ እሷ ግን መስኮቱ ጋ እንደተቀመጠች ሃያ ስምንተኛውን አስገባች። የሀኒፋ ነው፤ ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው የአምስት ወር ነፍሰ ጡር።

ማስተካከያውን ቀስ እያለች አዞረች። ጭጋጉ ገፈፍ አለ፤ የመጣ ነገር ግን አልነበረም። ስላይዱን ወደ ቀኝ ገፋችው፣ ወደ ግራ መለሰችው። ክሪስታል የለም፣ ደም የለም፣ መግል የለም። “የለም” ብላ ለመጻፍ አሥር ሰከንድ የማይፈጅባት ዓይነት ነው።

ብዕሩን አላነሣችም። ዓይኗን እንዳስጠጋች ቆየች። የጠዋት ብርሃን ብቻ ነበር፤ ክብ፣ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ።